ከ30 ሜትር ስንወጣ፦ የ3 ደቂቃው ማረፊያ፣ የዲኮ ማረፊያና ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው በረራ

ጠያቂ፦ የታጁራ ተጓዥ

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ 30 ሜትር የሚያስጠልቀውን የአድቫንስድ ሰርተፍኬት ይዣለሁ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በጥር ወር ጂቡቲ ወርጄ ለአራት ቀን፣ በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ለመጥለቅ አስቤአለሁ። ሲሊንደሩ 12 ሊትር በ200 ባር ነው፤ የሚሞላው ተራ አየር ነው። ኮርሱ ላይ «5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቁሙ» ተብሎ ታለፈ፤ ለምን እንደሆነ ግን በቅጡ አልተብራራም። በእጅ የሚታሰረው የመጥለቂያ ኮምፒውተር መመሪያ ደግሞ ስለ «ዲኮ» እና ስለ «ሲሊንግ» ያወራል። ሴፍቲ ስቶፕና ዲኮ ስቶፕ አንድ ናቸው ወይ? 30 ሜትር ላይ የተፈቀደው 20 ደቂቃ ቢያልፍ ምን ይደረጋል? የመውጫው ፍጥነት በደቂቃ 9 ሜትር ነው ወይስ 18? «50 ባር ሲቀርህ ውጣ» የሚለውስ ከ30 ሜትር ጭምር ይሠራል? በመጨረሻም፣ የመጨረሻው ቀን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ጠልቄ ማታ 2 ሰዓት በሚነሳው አውሮፕላን ብመለስ ችግር አለው?

ወንድማችሁ።

መልስ፦ ሰማያዊ ጥልቅ

ወንድሜ፣ ግራ የሚያጋባው ሁለቱም «ስቶፕ» መባላቸው ነው። ሴፍቲ ስቶፕ ማለት በስሌቱ መሠረት በቀጥታ መውጣት እየቻልክ ለጥንቃቄ የምትጨምረው ማረፊያ ነው። ዲኮ (ዲኮምፕረሽን) ማለት ከጥልቀት ስትወጣ ግፊቱ ሲቀንስ የተጠራቀመውን ናይትሮጅን ማራገፍ ነው፤ ዲኮ ስቶፕ ታዲያ ዕዳ ነው፤ ካልከፈልከው ከተባለው ጥልቀት በላይ ማለፍ የለብህም። «ሲሊንግ» ጣሪያ ማለት ነው፤ የምትዋኘው ዋሻ ውስጥ እንደሆነ፣ ከራስህ በላይ ድንጋይ እንዳለ አድርገህ ቁጠረው።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። የባህር ውሃ በየ10 ሜትሩ 1 ባር ይጨምራል፤ ስለዚህ 30 ሜትር ላይ 4 ባር ግፊት ውስጥ ነህ። ከአየሩ 79 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ስለሆነ የምትተነፍሰው ናይትሮጅን 3.16 ባር ደርሷል፤ ውሃው ላይ ሳለህ 0.79 ብቻ ነበር። በዚህ ልዩነት ምክንያት ናይትሮጅኑ ወደ ደምህና ወደ ሥጋህ ይሟሟል። ሁሉም የሰውነት ክፍል ግን እኩል አይጠጣም። ደም በብዛት የሚደርሰው ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ይራገፋል፤ ስብና መገጣጠሚያ ይዘገያል። ጆን ስኮት ሃልዴን በ1908 ባሳተመው ሥራ፣ በፍየሎች ላይ ካደረገው ሙከራ ተነስቶ ሰውነትን በ5 ምናባዊ ክፍሎች አሰላው። ለእያንዳንዱም «ግማሽ ጊዜ»፣ ማለትም የቀረውን ልዩነት ግማሹን ለመሙላት የሚፈጅበትን ደቂቃ፣ ሰጠው፦ 5፣ 10፣ 20፣ 40 እና 75 ደቂቃ። ዛሬ ብዙ ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙት የስዊዘርላንዱ የቡልማን ስሌት 16 ክፍሎች አሉት።

አሁን 30 ሜትር ላይ 20 ደቂቃ ቆየህ እንበል። የ5 ደቂቃው ክፍል አራት ግማሽ ጊዜ አሳልፏል፤ ሊጠጣ ከሚችለው 94 በመቶውን ጠጥቶ የናይትሮጅን ግፊቱ 3.0 ባር ገደማ ሆኗል። ግማሽ ጊዜው 80 ደቂቃ የሆነ ዘገምተኛ ክፍል ግን የጠጣው 16 በመቶውን ያህል ነው፤ 1.17 ባር ላይ ነው። ወደ 5 ሜትር ስትወጣ የምትተነፍሰው ናይትሮጅን 1.19 ባር ይሆናል። እዚያ 3 ደቂቃ ብትቆም ፈጣኑ ክፍል ከ3.0 ወደ 2.4 ይወርዳል። ዘገምተኛው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ 1.17 እና 1.19 አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሴፍቲ ስቶፕ በትክክል የሚጠቅመው ፈጣኖቹን ክፍሎች ነው። የአራት ቀን ጥልቀት የሚያከማቸውን የዘገምተኞቹን ናይትሮጅን የሚያራግፈው ከውሃ ውጭ የምታሳልፈው ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ያዝልኝ፤ ስለ በረራው ለጠየቅከው መልሱ እዚህ ላይ ነው ያለው።

የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ቆርኪውን በአንዴ ስትነቅለው ይገነፍላል፤ ቀስ ብለህ አየሩን ስታስወጣለት ያው ውሃ ዝም ይላል። ማረፊያ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ ናይትሮጅኑ ሰውነትህ ውስጥ አረፋ ሆኖ እንዳይገነፍል።

20 ደቂቃው ቢያልፍስ? ፓዲ በሚባለው የጠላቂዎች አሠልጣኝ ድርጅት የአየር ሠንጠረዥ ያለ ዲኮ መቆየት የሚቻለው 18 ሜትር ላይ 56 ደቂቃ፣ 25 ሜትር ላይ 29፣ 30 ሜትር ላይ 20፣ 40 ሜትር ላይ 9 ብቻ ነው። በዚያው ሠንጠረዥ ገደቡን እስከ 5 ደቂቃ ካሳለፍክ 5 ሜትር ላይ 8 ደቂቃ ትቆማለህ፤ ከዚያ ለ6 ሰዓት አትጠልቅም። ከ5 ደቂቃ በላይ ከሆነ አየርህ የፈቀደልህን ያህል ቢያንስ 15 ደቂቃ ቆመህ ለ24 ሰዓት ከውሃ ትርቃለህ። ኮምፒውተር ይዘህ ከሆነ የኮምፒውተሩን ተከተል፤ ሠንጠረዥና ኮምፒውተር መሀል መንገድ ላይ አይቀላቀሉም። ከጓድህ ጋር ስትሆኑ ደግሞ ረዘም ያለ ማረፊያ የጠየቀው ኮምፒውተር ሁለታችሁንም ይገዛል።

ፍጥነቱን በተመለከተ 9 ያዝ። 18 የድሮው ቁጥር ነው፤ የአሜሪካ ባህር ኃይል በ1993 ወደ 9 ዝቅ አድርጎታል፤ ብዙዎቹ ኮምፒውተሮችም ከ9 እስከ 10 ሜትር ላይ ይጮኻሉ። ነገር ግን «ቀስ ማለት ጥሩ ነው» ብለህ ከታች አትንቀርፈፍ። 25 ሜትር ላይ እያዘገምክ የምታጠፋው ደቂቃ ዘገምተኞቹን ክፍሎች መሙላቱን ይቀጥላል። ያው የባህር ኃይል የሙከራ ክፍል በ2011 ባወጣው ጥናት የዲኮ ማረፊያ ጊዜን ከላይ ቀንሶ ወደ ጥልቁ ማዛወር ከአረፋው የሚመጣውን ሕመም እንዳበዛው ታይቷል። ከታች በተረጋጋ 9፣ ከ10 ሜትር ወደ ውሃው ገጽ ደግሞ ከዚያም ቀስ ያለ፤ ትርፉን ደቂቃ 5 ሜትር ላይ አሳልፈው።

መልስ፦ ባለ ሲሊንደሩ

የአየሩን ነገር እኔ ልመልስ፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ። 50 ባር ማለት ጀልባው ላይ ስትወጣ በጌጁ (በግፊት መለኪያው) ላይ መቅረት ያለበት ነው እንጂ ከ30 ሜትር መነሻ አይደለም። መነሻውን ለማወቅ መጥፎውን ቀን አስብ፦ የጓድህ አየር 30 ሜትር ላይ አልቆ ሁለታችሁም ከአንተ ሲሊንደር ትተነፍሳላችሁ፤ ሁለታችሁም ደንግጣችኋል። ለአንድ የደነገጠ ሰው በውሃው ገጽ ግፊት በደቂቃ 25 ሊትር ብንይዝ ለሁለት 50 ይሆናል።

ከታች ተረጋግታችሁ ሬጉሌተር (አፍ ውስጥ የሚገባውን መተንፈሻ) እስክትቀባበሉ 2 ደቂቃ፦ 50 በ4 ባር በ2፣ 400 ሊትር። ከ30 ወደ 5 ሜትር በ9 ሜትር ፍጥነት 3 ደቂቃ ገደማ፤ አማካይ ግፊቱ 2.75 ባር፣ ስለዚህ 412 ሊትር። 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ በ1.5 ባር፣ 225። የመጨረሻዋ 1 ደቂቃ 63። ሲደመር 1,100 ሊትር ነው። በ12 ሊትር ሲሊንደር ስታካፍለው 92 ባር ይመጣል።

ስለዚህ 30 ሜትር ላይ 92፣ ክብ አድርገው 100 ባር፤ ጌጁ እዚያ ሲደርስ ዓሣው ምንም ያህል ቢያምር መነሳት ነው። ይህ ደግሞ ምንም ዲኮ ሳይኖርብህ ነው። የ3 ደቂቃው ማረፊያ ከላይ በተጠቀሰው የ8 ደቂቃ ማረፊያ ቢተካ ትርፉ 5 ደቂቃ ለሁለት ሰው 375 ሊትር ይጨምራል፤ መነሻህ 123 ባር ይሆናል። ከ200 ባር ሲሊንደር ላይ 123 ለመመለሻ ካስቀመጥክ ለመውረጃና ለመቆያ የሚተርፍህ 77 ነው። በአንድ ሲሊንደርና በአንድ ሬጉሌተር የታሰበበት ዲኮ አይደረግም የሚባለው ለዚህ ነው። ለዚያ ሥልጠናው ሌላ ነው፣ ሲሊንደሩም ድርብ ነው።

ናይትሮክስ 32 (32 በመቶ ኦክስጅን ያለው የአየር ድብልቅ) የሚገኝ ከሆነና ሥልጠናው ካለህ ውሰደው። 30 ሜትር ላይ ለናይትሮጅን ሲባል እንደ 24.4 ሜትር ስለሚቆጠር ገደቡ ከ20 ወደ 29 ደቂቃ ይሰፋል። የአየር ፍጆታህን ግን አንዲት ሊትር አይቀንስልህም፤ ከ33 ሜትር በታችም በኦክስጅኑ ምክንያት አትወርድበትም።

መልስ፦ ፊን በእግሯ

ስሌቱ ተነግሯል፤ እጅህ ምን እንደሚሠራ ደግሞ ልጨምርልህ። ብዙ ሰው ማረፊያውን የሚያጣው ስለማያውቀው ሳይሆን መቆም ስለሚያቅተው ነው።

ቢሲዲህ (አየር የሚነፋበት የመንሳፈፊያ ጃኬትህ) ውስጥ 30 ሜትር ላይ 3 ሊትር አየር አለ እንበል። 20 ሜትር ስትደርስ 4 ሊትር፣ 10 ሜትር ላይ 6፣ 5 ሜትር ላይ 8፣ ውሃው ላይ 12 ይሆናል። አንድም ጊዜ ሳትነፋው አራት እጥፍ አበጠ ማለት ነው። ስለዚህ መንፊያው ቁልፍ መውጫ አይደለም። ለመውጣት በፊንህ (በእግር መቅዘፊያህ) በቀስታ ትነሳለህ፤ ገና የመቅለል ስሜት ሲጀምርህ ቱቦውን በግራ እጅህ ከትከሻህ በላይ ከፍ አድርገህ ጥቂት ታስወጣለህ። ሰውነትህ ቀጥ ካላለ አየሩ ወደ ቱቦው አፍ አይመጣም፤ ተጋድመህ ከሆነ ከወገብህ በኩል ያለውን የኋላ ማስወጫ ገመድ ሳብ። ማስወጣት የምትጀምረው ኮምፒውተሩ ከጮኸ በኋላ ከሆነ ዘግይተሃል። ሰዓቱን ስታየው 5 ሜትር ለመውጣት ከ30 ሰከንድ በላይ መፍጀት አለበት።

ትንፋሽ በምንም ምክንያት አይያዝም። ይህ ከናይትሮጅን ጋር የማይገናኝ ሌላ አደጋ ነው። ሳንባ ሞልቶ ትንፋሽ ተይዞ ከአንድ ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ መውጣት እንኳ ሳንባን ሊቀድድና አየር ወደ ደም ሊያስገባ ይችላል። ሬጉሌተር ከአፍህ ከወጣ ደግሞ ትናንሽ አረፋ እያስወጣህ ውጣ።

የምትታጠቀውን የእርሳስ ክብደት ከመጀመሪያው ቀን አስተካክል። ከ12 ሊትር ሲሊንደር 150 ባር ስትጠቀም 1,800 ሊትር አየር ወጣ፤ ይህ 2.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስትወርድ የተመጣጠነው እርሳስ ስትወጣ በ2 ኪሎ ይጎድልሃል፤ አሉሚኒየም ሲሊንደር ከሆነማ ሊያልቅ ሲል ራሱ ወደ ላይ ይጎትትሃል። መለኪያው እንዲህ ነው፦ ሲሊንደሩ 50 ባር ሲቀረው፣ ቢሲዲው ባዶ ሆኖ፣ በተለመደ ትንፋሽ ውሃው ዓይንህ ላይ መድረስ አለበት፤ ስታስተነፍስ ቀስ ብለህ ትሰምጣለህ። የምትለካው ከጠዋቱ በሞላ ሲሊንደር ከሆነ በዚያው ሚዛን ላይ 2 ኪሎ ጨምር።

ማረፊያው ላይ መልሕቅ ገመድ ከሌለ ያለህበትን ለጀልባው የሚያሳየውን፣ በአየር የሚሞላውን ተንሳፋፊ ምልክት ከ10 ሜትር ላክ። እዚያ ግማሹን ብትሞላው ላይ ሲደርስ ሙሉ ይሆናል። የጥቅልሉን ገመድ እጅህ ላይ አትጠምጥመው፤ ቢሲዲህም ላይ አትንጠልጥለው፤ ከተጠላለፈ ምልክቱ ይዞህ ይወጣልና በሁለት ጣት ያዘው፣ ከያዘህ ልቀቀው። ከ5 ሜትር ወደ ላይ ያለችዋን መንገድ ቢያንስ 1 ደቂቃ ስጣት። ቢሲዲህ ከ8 ወደ 12 ሊትር የሚያብጠው እዚያች ላይ ነው፤ ሰው ደግሞ ጀልባውን ሲያይ የሚቸኩለው እዚያው ነው።

መልስ፦ የደጋ ሰው

የበረራውን ጥያቄ ማንም እንዲያልፈው አልፈልግም፤ የእኛ ጉዳይ ከሌሎች አገር ጠላቂዎች የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ጠዋት 4 ሰዓት ጠልቀህ ማታ 2 ሰዓት መብረር 10 ሰዓት ብቻ ነው። አይበቃም። ዳን በሚባለው የጠላቂዎች ድርጅት በኩል የወጣውና በ2002 በተደረገው የባለሙያዎች ስብሰባ ላይ የተመሠረተው ምክር ይህ ነው፦ ለአንድ ያለ ዲኮ ጥልቀት 12 ሰዓት፣ ለተደጋገመ ወይም ለብዙ ቀን ጥልቀት 18 ሰዓት፣ ዲኮ ለነበረበት ደግሞ ከ18 በእጅጉ የበለጠ ጊዜ። አንተ አራት ቀን ስለምትጠልቅ 18 ትንሹ ነው።

ይህ ምክር የታሰበው በአውሮፕላን ውስጥ ላለው ግፊት ነው፤ እሱም ቢበዛ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ጋር እኩል ነው። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ለሚያርፍ ሰው በሩ ሲከፈት ግፊቱ ወደ 1 ባር ይመለሳል። አዲስ አበባ ለሚያርፍ ግን ቦሌ ራሱ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር ያህል ነው። ከአውሮፕላኑ ወርደህ ቤትህ ገብተህ ስትተኛ ያው ከፍታ ላይ ነህ፤ የመውጣቱ የመጨረሻ እርምጃ ከ5 ሜትር ወደ ጀልባ ሳይሆን ከጂቡቲ ወደ ቦሌ ነው። ሰማያዊ ጥልቅ የጠቀሰው የ80 ደቂቃ ክፍልና ከእሱም የባሱ ዘገምተኞች በዚያ ሰዓት ገና አልተራገፉም። ስለዚህ የእኔ ምክር 24 ሰዓት ሙሉ ነው፤ በአራተኛው ቀን አንድ ጥልቀት ብቻ፣ ከ18 ሜትር ሳትወርድ። ትኬትህን ቀን ጨምረህ ቁረጥ።

በመኪና ወይም በባቡር እመለሳለሁ የሚልም ካለ ያው ነው፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ መንገዱም ከዚያ በላይ ይወጣል። እስራኤል ውስጥ ኤላት ለሚጠልቁ ወገኖቻችንም ይሠራል፦ በአራባ ሸለቆ ወደ ሙት ባሕር የሚሄደው መንገድ ዝቅ ብሎ ይዘልቃል፤ ወደ ሚጽፔ ራሞን ወይም ኢየሩሳሌም የሚወጣው ግን 750 ሜትርና ከዚያ በላይ ያደርሳል።

በተቃራኒው ከአዲስ አበባ ወርዶ ጂቡቲ መጥለቅ በዚህ በኩል ችግር የለውም። ቢሾፍቱ ሐይቆች ውስጥ መጥለቅ ግን ሌላ ስሌት ነው። እዚያ ከፍታው 1,900 ሜትር ገደማ፣ የአየሩ ግፊት 0.8 ባር ስለሆነ እውነተኛ 20 ሜትር በባህር ሠንጠረዥ እንደ 25 ይቆጠራል፤ ገደቡ ከ45 ደቂቃ ወደ 29 ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ከፍታውን ራሱ የሚያነብ ነው ወይስ በእጅ የሚሞላ፣ ውሃ ከመግባት በፊት መመሪያውን ማየት ግድ ነው።

ጠያቂ፦ የታጁራ ተጓዥ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ትኬቱን በአንድ ቀን አራዝመዋለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ቀረኝ። ኮምፒውተሩ 3 ሜትር ላይ ቁም ሲል ሞገዱ የሚያንገላታ ከሆነስ? ማረፊያውን ሳልጨርስ ውሃው ላይ ብወጣ ተመልሼ ልውረድ?

መልስ፦ ሰማያዊ ጥልቅ

ሞገድ ካለ 4 ወይም 5 ሜትር ላይ ሁን። ከጣሪያው በታች መሆን ይፈቀዳል፣ በላይ መሆን አይፈቀድም። ጠለቅ ብለህ ስትቆም ግን ናይትሮጅኑ የሚራገፈው ቀስ ብሎ ስለሆነ አንዳንዱ ኮምፒውተር ደቂቃዋን ከ60 ሰከንድ በላይ ይቆጥራታል፤ አየርህ ይበቃ እንደሆነ ጌጁን እያየህ።

ከወጣህ በኋላ ተመልሰህ አትውረድ። ያመለጠህ ሴፍቲ ስቶፕ ብቻ ከሆነ አርፈህ ራስህን ተከታተል፣ ቀጣዩን ጥልቀት አቆየው። ያመለጠህ ዲኮ ከሆነ ምልክት ባይኖርህም ንጹህ ኦክስጅን ተንፍስ፤ ለ24 ሰዓት አትጠልቅ። አንዳንድ ኮምፒውተሮችም ራሳቸው ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት ይቆለፋሉ፤ የጓደኛህን ተውሰህ መግባት ራስን መጉዳት ነው፣ ያ ኮምፒውተር የአንተን ናይትሮጅን አያውቀውም።

መልስ፦ ፊን በእግሯ

ምልክቶቹን ጓድህም ይወቃቸው፤ ሕመምተኛው «ድካም ነው» ማለት ይወዳል። የትከሻ፣ የክርን ወይም የጉልበት ጥልቅ ሕመም፣ ቆዳ ላይ እንደ እብነ በረድ የተዥጎረጎረ ሐምራዊ ቀለም፣ መደንዘዝና መውረር፣ ከእንቅስቃሴው ጋር የማይመጣጠን ድካም፣ መንገዳገድ፣ ሽንት አልወጣ ማለት። አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይታያል። እግር መስነፍና የሽንት መዘጋት ህብለ ሰረሰር ተነካ ማለት ሊሆን ስለሚችል ነገ ይሻለኛል አይባልበትም። ጋደም ይበል፤ ካላስመለሰው ውሃ ይጠጣ፤ ኦክስጅኑ ሲሰጠው ቢሻለውም እንኳ ሐኪምና የግፊት ክፍል (ታማሚው ተመልሶ ግፊት ውስጥ የሚታከምበት) ይድረስ። የተለመደው ሕክምና 18 ሜትር በሚያህል ግፊት ኦክስጅን እያስተነፈሱ ወደ 5 ሰዓት የሚጠጋ ነው። ቅርብ ያለው የሚሠራ የግፊት ክፍል የት እንደሆነ ሳትሄድ ጠይቅ።

ጀልባው ላይም «ኦክስጅን አለ» ሲሉህ ሲሊንደሩን አሳዩኝ በል። በደቂቃ 15 ሊትር ሲሰጥ 2 ሊትር በ200 ባር የያዘ ሲሊንደር 26 ደቂቃ ብቻ ነው፤ 5 ሊትሩ አንድ ሰዓት ከ6 ደቂቃ። ከመጥለቂያው ቦታ ወደብ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ከሆነ የሚያስፈልገው 1,800 ሊትር ነው፤ ጌጁን አንብበህ፣ ጭምብሉ መኖሩንና ቫልቩ መከፈቱን በዓይንህ አይተህ ተሳፈር።